በረዶው ነጭ አይደለም፦ የሩሲያን የበረዶ ወራት ሥዕሎች እንዴት እንመልከት?

(ለሥነ ጥበብ ወዳጆች በተዘጋጀ የምሽት መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ሠዓሊያን፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ የጥበብ ወዳጆች ሁሉ፣ እንደምን አመሻችሁ! ከሥራ ወጥታችሁ፣ የታክሲ ሰልፍ ችላችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የፊት መብራቱን ትንሽ ቀነስ ብታደርጉልን... አዎ፣ ይበቃል። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

ስለ ሩሲያ በረዶ እኛን ምን አገባን የሚል ይኖራል። ያገባናል። ከአንጋፋ ሠዓሊዎቻችንና የሥዕል መምህራኖቻችን ብዙዎቹ የተማሩት ሌኒንግራድ፣ በዛሬ ስሟ ሴንት ፒተርስበርግ፣ እና ሞስኮ ነው። ሠዓሊ ታደሰ መስፍን በሌኒንግራዱ ረፒን የሥነ ጥበብ ተቋም ነው የተማሩት። ዛሬ የማሳያችሁ ሥዕሎች እዚያ የተማረ ሰው ሁሉ ፊታቸው የቆመባቸው ናቸው።

የዛሬው ነገሬ አጭር ነው። የበረዶ ሥዕል ስናይ ወደ ትርጉሙ እንሮጣለን። ነጭ ነው፣ ብርድ ነው፣ እንግዲያው ሐዘን ነው፣ ብቸኝነት ነው፣ ሞት ነው እንላለን። እባካችሁ አትሩጡ! መጀመሪያ ብርሃኑን እዩ። ቀጥሎ የበረዶውን ዓይነት እዩ። ከዚያ ዱካውን ፈልጉ። ትርጉሙ ከሦስቱ በኋላ ይምጣ። ብዙ ጊዜ ከጠበቃችሁት ተቃራኒ ሆኖ ይመጣል።

አንደኛው፣ ብርሃን።

በረዶ የራሱ የሆነ ጠንካራ ቀለም የለውም። የሚያርፍበትን ብርሃን መልሶ ነው የሚሰጠው። ፀሐይ የምታገኘው በኩል ሞቅ ይላል፣ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሮዝ ያደላል። ጥላ ያረፈበትን ግን ፀሐይ አታገኘውም፤ የሚያበራለት ሰማዩ ብቻ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ከሆነ ጥላውም ሰማያዊ ነው። ሰማዩ ከተሸፈነ ጥላው ራሱ ይጠፋል፣ ግራጫ ለግራጫ ይሆናል። ስለዚህ ሠዓሊው በረዶ ላይ ሰማያዊ ጥላ ሲያኖር እያሳመረ ወይም እየፈላሰፈ አይደለም። ያየውን እየመዘገበ ነው።

በረዶ የሌለበት አገር ሆነን ይህን እንዴት እናረጋግጥ? ቀላል ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ነጭ ነጠላ ግማሹ ፀሐይ ግማሹ ጥላ ውስጥ እንዲሆን አድርጋችሁ ስቀሉ። ወረቀት ጠቅልላችሁ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቀዳዳ ተዉለትና ጥላ ውስጥ ያለውን ክፍል ብቻ በቀዳዳው እዩ። ሰማያዊነቱ ይወጣል። ያለ ቀዳዳው ለምን አይታይም? አእምሯችን ነጠላው ነጭ መሆኑን ስለሚያውቅ ሳይጠይቀን ያርመዋል። ከትምህርት ቤት አዲስ የወጣ ሠዓሊ በረዶን በነጭ ቀለም ብቻ የሚሥለው በዚህ እርማት ተታሎ ነው። ውጤቱም ኖራ የተቀባ ግድግዳ ይመስላል።

አሁን የጥላውን ርዝመት እዩ። ሞስኮ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 55 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ላይ ናት። በዲሴምበር 21 እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአድማስ የምትነሣው 11 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። የአንድ ነገር ጥላ የቁመቱን አምስት እጥፍ ይሆናል፤ 1 ሜትር ከ75 የሚረዝም ሰው 9 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። በቀትር! በዚያው ቀን አዲስ አበባ ላይ ያው ሰው የሚጥለው 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው። የካቲት አጋማሽ አልፎ፣ በፌብሩዋሪ 20 አካባቢ፣ የሞስኮው ጥላ ወደ ሁለት እጥፍ ከሩብ ይወርዳል። በማርች 20 ደግሞ አንድ እጥፍ ተኩል ይሆናል። ታዲያ ዛፉ ከነጥላው የሚታይበት፣ መሬቱም ሜዳ የሆነበት ሥዕል ስታገኙ ጥላውን በዛፉ ቁመት ለኩት። ፀሐይዋ ምን ያህል ዝቅ እንዳለች ታውቃላችሁ። ከፍ ብላ ካገኛችኋት ታኅሣሥ አይደለም ማለት ነው። አርእስቱን ሳታነቡ ግማሹን አወቃችሁ። ጥላው ረዥም ከሆነ ግን ጠዋት ወይም ማታም ሊሆን ስለሚችል የብርሃኑን ቀለም አብራችሁ ተመልከቱ፤ ወደ ብርቱካንማ ካደላ ፀሐይዋ ልትገባ ነው ወይም ገና መውጣቷ ነው።

ይህን ሥዕል እዩልኝ። የኢጎር ግራባር «የየካቲት ሰማያዊነት» ነው፣ 1904፣ ሞስኮ ያለው ትሬትያኮቭ ጋለሪ። ቁመቱ 141፣ ወርዱ 83 ሳንቲ ሜትር። በርች ነው፣ ያ ቅርፊቱ ነጭ የሆነው የሰሜን ዛፍ። ግራባር ያኔ የሚኖረው ሞስኮ አጠገብ ዱጊኖ በሚባል ርስት፣ በሠዓሊው ኒኮላይ ሜሽቼሪን ቤት ነበር። በአንድ ጥርት ያለ ጠዋት ሲንሸራሸር ዱላው ይወድቅበታል። ሊያነሣ ጎንበስ ይልና ከታች ወደ ላይ በርቹን ያያል። ያቺ ማጎንበስ ናት ሥዕሉን የወለደችው!

ቀጥሎ ያደረገውን ልብ በሉ። በረዶው ውስጥ ከአንድ ሜትር በላይ የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፈረ። ሸራውን ከነማቆሚያው እዚያ አወረደ፣ ራሱም ገባ። ለምን? ጎንበስ ብሎ ያገኘውን ዝቅተኛ እይታ ቆሞ ሊሠራበት ፈለገ። ሌላም ችግር ነበረበት፤ ፀሐይ ያረፈበት በረዶ ሞቅ ያለ ብርሃኑን ወደ ሸራው ይረጫል። ሸራው ላይ ሞቅ ያለ ብርሃን ካረፈ የቀባችሁት ሁሉ ከእውነቱ በላይ ደማቅ መስሎ ይታያችኋል፤ ቤት ስታስገቡት ይከስማል። ይህን ውጭ የሠራ ሠዓሊ ሁሉ ያውቀዋል። ግራባር ሰማያዊ የተቀባ ጃንጥላ ዘረጋ፣ ሸራውንም ወደ ሰማዩ ሰማያዊ በኩል አዞረው። ሸራው ቀዝቃዛ ጥላ ውስጥ ሆነ። በቀዝቃዛ ጥላ ውስጥ ቀለም ስለሚደበዝዝ ደግሞ ቀለሙን አብዝቶ አጠንክሮ መቀባት ግድ ሆነበት። አብዛኛውን ቀለም ገበታው ላይ ሳይቀላቅል፣ ለየብቻው፣ ብሩሽ በብሩሽ አኖረው። ሥዕሉ ዛሬም የሚያበራው በዚህ ስሌት ነው። ቅርንጫፎቹ መሀል ያለው ሰማይ ከአንድ ሰማያዊ የተሠራ እንዳይመስላችሁ፤ ቀርባችሁ ስታዩት ወደ አረንጓዴ የሚያደላ አለ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ጣል ላድርግ፣ ከርዕሴ ወጣ ቢልም። አብዛኞቻችን እነዚህን ሥዕሎች የምናያቸው በስልክ ነው። ማታ ማታ ስክሪኑን ወደ ብርቱካንማ የሚቀይረውን ማስተካከያ ካላጠፋችሁ ሰማያዊ ጥላ የሚባል ነገር አታገኙም፤ ሞቶ ነው የሚደርሳችሁ። ሁለተኛ፣ ያረጀ ቫርኒሽ ቢጫ ስለሚሆን ሰማያዊውን ወደ አረንጓዴ ይጎትተዋል። ከመታደሱ በፊት የተነሣ ፎቶግራፍ ያንን ይዞ ይዞራል። ስለዚህ ከአንድ በላይ ቅጂ አስተያዩ፣ ቢቻል አንዱ ሙዚየሙ ራሱ ያወጣው ይሁን። ሦስተኛ፣ መጠኑን አንብቡ። ሠዓሊው ኢቫን ሺሽኪን በ1890 የሣለው «የበረዶ ወቅት» ከሁለት ሜትር በላይ ይሰፋል። አሁን የማሳያችሁ የሳቭራሶቭ ሥዕል ግን 62 በ48.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ስልክ ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው። በአዳራሽ ውስጥ አንዱ ጫካ ሆኖ ይውጣችኋል፣ ሌላው ቀርባችሁ የምታጫውቱት ነው።

ሁለተኛው፣ የበረዶው ዓይነት።

በረዶ ሁሉ አንድ አይደለም። ትናንት ማታ የወረደ አለ፤ ለስላሳ ነው፣ ጠርዙ ክብ ነው፣ ቅርንጫፍ ላይ ሳይነካ ተቀምጧል። ቅርንጫፍ ላይ ካለ ከወረደ ወዲህ ነፋስ አልነፈሰም። ነፋስ የጠረገው አለ፤ ላዩ ደንድኗል፣ እንደ አሸዋ ሸንተረር አውጥቷል። መንገድ ላይ የተረገጠ አለ፤ ጭድና የፈረስ ፋንድያ ገብቶበት ቡናማ ሆኗል። የሚቀልጥም አለ፤ ፍርክስክስ ያለ፣ ግራጫ፣ ከሥሩ ውኃ የቋጠረ። በዛፎቹ ግንድ ዙሪያ በረዶው እንደ ጉድጓድ ከተሰረጎደ ፀሐይዋ መበርታት ጀምራለች፤ ጥቁሩ ግንድ ሙቀት ይስባል፣ ዙሪያውን ያቀልጣል። ጭስም ካለ እዩት። ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ከወጣ ነፋስ የለም፣ ብዙ ጊዜም ብርዱ ጠንቷል።

ይህን ይዘን ወደ አሌክሴይ ሳቭራሶቭ «ሩኮች ተመለሱ» እንሂድ። ሩክ የቁራ ዘመድ ነው፣ ጥቁር ወፍ። ሥዕሉ የ1871 ነው። ቦታው በኮስትሮማ ግዛት ሞልቪቲኖ የሚባል መንደር ነው፣ ዛሬ ሱሳኒኖ ይባላል። ምን ይታያል? ፊት ለፊት ጠማማ ቀጫጭን በርቾች፣ ላያቸው ላይ ጎጆዎች፣ ወፎች። ከኋላ አጥር፣ የመንደር ጣሪያ፣ ቤተ ክርስቲያንና የደወል ማማ። ከዚያ ወዲያ ሜዳ። ይኸው ነው! ንጉሥ የለ፣ ጦርነት የለ፣ የሚያምር ተራራ የለ።

በረዶውን እዩ እንጂ። የቆሸሸ ነው። ያረጀ ነው። በስተቀኝ ከታች የቀለጠ ውኃ ተጠራቅሟል። ሜዳው ላይ ጥቁር አፈር ብቅ ብቅ ብሏል። ሰማዩ ግራጫ ነው፣ ግን መሀል መሀል ላይ ተከፍቷል። አሁን ከታች በግራ በኩል ያለችውን አንዷን ወፍ ፈልጉ፤ በረዶው ላይ ቆማለች፣ አፏ ውስጥ ጭራሮ ይዛለች። ጎጆ እየሠራች ነው። ሥዕሉን የከፈተችው ቁልፍ እሷ ናት። ይህ የብርድ ሥዕል አይደለም፤ ብርዱ ሊሄድ የተነሣበት ሰዓት ነው። ሩሲያውያን ለዚህ ቀንም አላቸው። በቤተ ክርስቲያናቸው አቆጣጠር ማርች 4፣ የጻድቁ ጌራሲም በዓል፣ ሩኮች የሚመጡበት ቀን ተብሎ ይታወቃል። በእኛ መጋቢት 8 መሆኑ ነው። የገበሬ ልጅ የሆነ ተመልካች ወፎቹን ሲያይ ቀኑን ይቆጥር ነበር።

ሥዕሉ የቀረበው በ1871 ፔሬድቪዥኒኪ በተባሉት ተዘዋዋሪ ሠዓሊያን የመጀመሪያ ዐውደ ርእይ ላይ ነው። ማኅበሩ የተቋቋመው ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ሲሆን ሥዕልን ከዋና ከተማ አውጥቶ በየከተማው ያዞር ነበር። ከማኅበሩ መሪዎች አንዱ የነበረው ሠዓሊ ኢቫን ክራምስኮይ ዐውደ ርእዩን ካየ በኋላ ለወጣቱ ሠዓሊ ፊዮዶር ቫሲሊየቭ ደብዳቤ ጻፈ። በሌሎቹም ሥዕሎች ዛፍና ውኃ፣ አየር ሳይቀር አለ፤ ነፍስ ያለችው ግን በሩኮቹ ውስጥ ብቻ ነው የሚል ነበር መንፈሱ። ሥዕሉን የትሬትያኮቭ ጋለሪ መሥራች ፓቬል ትሬትያኮቭ ገዛው።

ሦስተኛው፣ ዱካ።

በረዶ የሚያልፈውን ሁሉ ይመዘግባል። ማን አለፈ? ወዴት? ከባድ ነው ቀላል? ስለ ዱካ ትልቁን ትምህርት የሚሰጠን እንዲያውም የመልክዓ ምድር ሥዕል አይደለም፤ የቫሲሊ ሱሪኮቭ «ቦያሪንያ ሞሮዞቫ» ነው፣ 1887። በ1671 የተያዘችው፣ የቤተ ክርስቲያኗን አዲስ ሥርዓት ተቃውማ በሁለት ጣት ማማተብን አልተውም ያለችው እመቤት በሸርተቴ ጋሪ ስትወሰድ ነው። ሱሪኮቭ ሞስኮ ዶልጎሩኮቭስካያ መንገድ ሲኖር ሸርተቴ ጋሪዎችን እየተከተለ፣ በተለይ በመታጠፊያዎች ላይ፣ በረዶውን እንዴት እንደሚከፍሉት ያይ ነበር። ጥልቅ በረዶ ሲወርድ ግቢው ውስጥ ጋሪ ያስነዳና የተሰነጠቀውን መስመር ተቀምጦ ይሥላል። ያም ሆኖ ጋሪው አልሄድ አለው። መፍትሔው ሸራውን ማስፋት ሆነ፤ ፊትና ታች ያለው ክፍት በረዶ እስኪበቃ ጨመረበት። ጋሪው ሄደ። ቅንብር የምትማሩ ልጆች፣ ይህን ጻፉት፦ የሚንቀሳቀስ ነገር የሚሄድበት ባዶ ቦታ ካላገኘ ቆሞ ይቀራል።

ከዱካ ጋር ይህን እዩ፤ የቫሲሊ ፔሮቭ «የሬሳ ሽኝት»፣ 1865። የገበሬ ሸርተቴ፣ ሬሳ ሣጥን፣ ሁለት ልጆች፣ ውሻ። እናትየው ጀርባዋን ሰጥታናለች። ፊቷን አናይም። የጎበጠ ጀርባዋና የፈረሱ የጎበጠ ጀርባ ግን አንድ መስመር ናቸው። እዚህ ጥላ የለም፣ ሰማዩ ዝግ ነው። ለቀስተኛ የለም፣ ጎረቤት የለም፤ ከጋሪው ጋር የሚሄድ ውሻው ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሐዘን ብትሉ ትክክል ናችሁ። ሐዘን ያላችሁት ግን ነጭ ስለሆነ አይደለም፤ ማስረጃ ስላያችሁ ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው!

ሺሽኪን ጋ ዱካ የለም። ጫካው ዝም ብሏል፣ አንዲት ትንሽ ወፍ ቅርንጫፍ ላይ አለች። በእጅ የተቆጠረ የሚመስል ዛፍ ሁሉ አለ። እኔ በበኩሌ ከማድነቅ አልፌ አልወደውም፤ የሚወድ ይውደድ።

የሳቭራሶቭ ተማሪ ግን ዱካን በሌላ መንገድ ተጠቀመበት። ኢሳክ ሌቪታን፣ «ማርች»፣ 1895፣ 60 በ75 ሳንቲ ሜትር። በትቬር ግዛት ጎርካ የሚባል የቱርቻኒኖቫ ርስት ላይ፣ እዚያው ውጭ ቆሞ የሠራው ነው። የቢጫ ቤት ግድግዳ። የተከፈተ በር። በሩ ላይ የቆመች ፈረስ ከነጋሪዋ፤ ዲያንካ ትባል ነበር። ቀጭን ዛፍ ላይ የተሰቀለ የወፍ ቤት፣ ባዶ፣ ወፉን የሚጠብቅ። የተቦካ መንገድ። ሰው? የለም። ግን በሩ ክፍት ነው፣ ፈረሷ ቆማለች፤ አንድ ሰው አሁን ገብቷል፣ አሁን ይወጣል። ሰው ሳይሥል ሰው ሠራ! በረዶው ላይ የተዘረጉትን ሰማያዊ ጥላዎችም እዩ፤ ከሥዕሉ ውጭ ካሉ ዛፎች ነው የመጡት። እኛም ከእነዚያ ዛፎች ሥር ቆመናል ማለት ነው። ቢጫው ግድግዳ ባይኖር ያ ሰማያዊ እንዲህ አይጮኽም ነበር፤ ግድግዳውን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ሞክሩት።

እንግዲህ ትርጉም። ሰዎች የሠዓሊውን ሕይወት አንብበው ሥዕሉን በዚያ ሊፈቱት ይወዳሉ። ሳቭራሶቭ ሩኮቹን በሣለበት ዓመት መጀመሪያ ያሮስላቭል ሳለ አዲስ የተወለደች ልጁ ሞታበታለች። ሌቪታን «ማርች»ን በሣለበት ዓመት፣ በጁን፣ እዚያው ጎርካ ራሱን ለመግደል ተኩሷል፤ ወዳጁ ደራሲው አንቶን ቼኾቭ ሊጠይቀው እስከዚያ ሄዷል። ቦሪስ ኩስቶዲየቭ «ማስሌኒትሳ»ን፣ ያንን ሮዝና አረንጓዴ ሰማይ ያለውን፣ ጋሪና ጨዋታ የሞላበትን የጾም መግቢያ ሥዕል የሣለው በ1916 ነው፤ እግሮቹ ሽባ የሆኑበት ዓመት ነው። ማስሌኒትሳ የእኛ ቅበላ አቻ ናት፣ እነሱ ግን በዚያ ሳምንት ሥጋ ትተው ቅቤና ወተት ይበላሉ። ሦስቱንም ሥዕሎች በሕይወት ታሪክ ብቻ ብትፈቱ ሦስቱንም ጨለማ ታደርጓቸዋላችሁ። ሸራው ላይ ያለው ግን ጭራሮ የያዘች ወፍ ነው፣ ክፍት በር ነው፣ ጨዋታ ነው። በሸራውና በታሪኩ መካከል ጠብ ሲኖር ሸራውን እመኑ።

ሌላም ነገር አስተውሉ። የካቲት፣ ማርች፣ የሩኮች መመለስ። ሩሲያውያን አብዝተው ከወደዷቸው የበረዶ ሥዕሎች ስንቶቹ የበረዶው ማብቂያ ሥዕሎች ናቸው? አንዱ ምክንያት መንፈስ ነው። ሌላው ግን ተራ ነው። በታኅሣሥ የሞስኮ ቀን ሰባት ሰዓት ያህል ነው፣ ብርሃኑ ደካማ ነው፣ የዘይት ቀለም በብርድ ይወፍራል፣ ከብሩሽ አልላቀቅ ይላል፣ ጣት ይደነዝዛል። በማርች ግን ፀሐይ አለ፣ በረዶም አለ። ሠዓሊ ውጭ መቆም የሚችለው ያኔ ነው።

ከዚያ በፊትስ መቆም የፈለገ ምን ያደርግ ነበር? የመጨረሻው ሥዕል ይህ ነው። የኒኪፎር ክሪሎቭ ነው፣ የሠዓሊው ቬኔትሲያኖቭ ተማሪ፣ 1827፤ ሳቭራሶቭ ሳይወለድ የተሣለ። በረዶን ከቦታው ለመሣል ሲፈልግ አንድ ነጋዴ በቶስና ወንዝ ዳር የሚሞቅ መሥሪያ ቤት ሠራለት። በመስኮት እያየ፣ እጁ ሳይደነዝዝ፣ በአንድ ወር ያህል ጨረሰው። ስለዚህኛው ምንም አልነግራችሁም። አምስት ደቂቃ ስክሪኑ ላይ አቆየዋለሁ። ጥላ አለ ወይ? በየት በኩል ወደቀ? በረዶው ስንት ቀኑ ነው? ሰዎቹ ከየት መጥተው ወዴት ይሄዳሉ? ማይክሮፎኑ መሀል መተላለፊያው ላይ ነው፤ ከኋላ የተቀመጣችሁ ቀረብ በሉ፣ ከዚያ ርቀት ጥላው አይታይም።